ከሶማሌ ተራ የተገዛን ሞተር ግቢ ውስጥ በሰላም ማውረድ

ከመርካቶው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ተጭኖ ቤት ደጃፍ የደረሰ የመኪና ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) የሚጨረመተው፣ ፑሌጃው (ቺንጋ የሚያዞረው የፊት ጎማ መሳይ ብረት) የሚጣመመው፣ የአንድ ሰው ጣት የሚቀጠቀጠው መኪናው ግቢ ገብቶ ከቆመ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ካሶኒውን (የመኪናውን የጭነት ክፍል) ከቦ «በሉ እንያዘው!» ሲባባል ነው።

መርካቶ ላይ ስምንት ሰው በእንጨት ተሸክሞ ስለጫነው ቤትም ስምንት ሰው ያወርደዋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። ሲጫን ሞተሩ ገና ግማሹ ካሶኒው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የሰዎቹ ሸክም ይቀላል። ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከጠርዙ እንደለቀቀ ክብደቱ ባንድ ጊዜ ታች ባሉት እጅ ላይ ይወድቃል። እነሱ ደግሞ ወደ ኋላ እየሄዱ ስለሆነ እግራቸው የት እንደሚያርፍ አያዩም። አሮጌ ጎማ ከታች ደርድሮ ሞተሩን ገፍቶ መጣልም አለ። ጎማው ያነጥረዋል፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ አይወድቅም፣ በጎኑ ነው የሚገኘው።

የዚህ መመሪያ ዘዴ አንድ ነው፦ ሞተሩን ሰቅሎ መኪናውን ከሥሩ ማስወጣት፣ ከዚያ ሞተሩን ቀስ ብሎ መሬት ማሳረፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ልኬቱን ግን ሞተሩን ከመግዛት በፊት መጨረስ ያስፈልጋል።

ክብደቱና ቁመቱ

የቪትዝ 1ኤንዜድ ሞተር ራቁቱን 100 ኪሎ ገደማ ነው ብለው ይያዙት። የሃይሉክስና የሃይስ 3ኤል እና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች ከ200 ኪሎ ይበልጣሉ፤ ከነካምቢዮአቸው (ከነማርሽ ሳጥናቸው) ለ300 ይዘጋጁ። የላንድክሩዘሩ ባለ 6 ሲሊንደር 1ኤችዜድ ብቻውን ከ300 ያልፋል፤ ካምቢዮ ከተጨመረበት ለ450 ይዘጋጁ። የአይሱዙ ኤንፒአር ሞተር ከነካምቢዮው ከሆነ 500 ኪሎ እንደሚነሳ አድርጎ መሰናዳት ነው። ሻጩ «ቀላል ናት» ቢል አይስሙት፤ ለእሱ ማንሳቱ የወዛደሩ ጉዳይ ነው።

ካምቢዮው አብሮ የተሸጠ እንደሆነ እዚያው ሱቁ በር ላይ ይፈታ። ከ40 እስከ 80 ኪሎ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ የሞተሩ ሚዛን ወደ መሃል ይመጣል። ካምቢዮ የተንጠለጠለበት ሞተር ሲሰቀል ወደ ኋላ ይዘነበላል፤ አብዛኛው ድንጋጤ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

አሁን የቁመቱን ሂሳብ እንሥራ። የፒክአፕ ካሶኒ ወለል ከመሬት 85 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ የተቀመጠበት እንጨት 15፣ ሞተሩ ራሱ 75፣ ከሞተሩ ራስ እስከ መንጠቆው ያለው ሰንሰለት 45፣ የ1 ቶን ቼን ብሎክ (በእጅ ሰንሰለት እየተሳበ ዕቃ የሚያነሳ መሣሪያ) ተጠቅልሎ ሲያልቅ ከመንጠቆ እስከ መንጠቆ 35፣ ሞተሩ ከእንጨቱ ተነስቶ እንዲላቀቅ 20። ድምሩ 275 ሴንቲሜትር ነው። ቼን ብሎኩ የሚንጠለጠልበት ነጥብ ከዚህ ካነሰ ሰንሰለቱ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሞተሩ ገና ካሶኒው ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። በአይሱዙ ከሆነ የካሶኒው ወለል 1 ሜትር ስለሚጠጋ ድምሩ 290 ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጋራዥ የሚከራየው ባለ ጎማ ሞተር ማውጫ ክሬን ሞተርን ከቦኔት ለማውጣት የተሠራ ነው፤ ክንዱ ሽቅብ ሲወጣ እምብዛም ከ2 ሜትር ብዙ አያልፍም። ለፒክአፕ አፋፍ ላይ ነው፤ ለአይሱዙ ፈጽሞ አይደርስም። በዚያ ላይ ክንዱ በተዘረጋ ቁጥር የማንሳት አቅሙ ይወርዳል፤ 2 ቶን የሚል የተጻፈበት እንኳ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ 500 ኪሎ ላይ ይቆማል። ትንንሽ ጎማዎቹም በኮብልስቶን ላይ አይሄዱም፤ በድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀራሉ፣ የተንጠለጠለው ሞተር ይወዛወዛል፣ ክሬኑ ይገለበጣል። ግቢው ለስላሳ ሊሾ ካልሆነ ክሬኑን ይተዉት።

ባለ ሦስት እግሩ ማንጠልጠያ

የሚያዋጣው ሦስት ብረት ቧንቧ በራሱ ላይ ታስሮ የሚቆም ማንጠልጠያ ነው። የጉድጓድ ቆፋሪዎችና የግንባታ ዕቃ አከራዮች ዘንድ ይገኛል። ራስዎ ካሠሩት፦ እያንዳንዱ እግር 4 ሜትር፣ 2.5 ኢንች ቧንቧ፣ ግድግዳው ከ3 ሚሊ የማያንስ። ቧንቧ የሚሸጠው በ6 ሜትር ስለሆነ ከእያንዳንዱ 2 ሜትር ይተርፋል። ሁለቱን ትራፊ በብየዳ ቀጥሎ ሦስተኛ እግር ማድረግ የሚያጓጓ ቁጠባ ነው፤ አይሞክሩት፣ የተቀጠለ እግር የሚታጠፈው በብየዳው መሃል ነው። ሦስቱ እግሮች ራስ ላይ የሚገናኙበት ብሎን ከ20 ሚሊ አይነስ፤ ዳዶው ላይ መቆለፊያ ይግባበት።

እግሮቹ ተዘርግተው የራሱ ቁመት 3.5 ሜትር ሲሆን በሁለት እግሮች መሃል መሬት ላይ 3.35 ሜትር ገደማ ይኖራል። ሰፊ ይመስላል። እግሮቹ ግን ወደ ላይ ሲወጡ ይጠባሉ፤ 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍተቱ ወደ 2.2 ሜትር፣ 1.5 ሜትር ላይ ወደ 1.9 ሜትር ይወርዳል። ወርዱ ከ1.9 ሜትር የማይበልጥ ፒክአፕ በዚህ መሃል በኋላው ይገባል፤ የአይሱዙ ካሶኒ ግን ጎኑ እግሮቹን ይነካል። ስለዚህ እስከ 450 ኪሎ ላለ ሞተር ባለ ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ይምረጡ። ከዚያ በላይ ለሆነ የአይሱዙ ወይም የሌላ ከባድ መኪና ሞተር ክሬን የተገጠመለት መኪና መጥራት ይሻላል፤ ከፍ ያለ ኪራይ ነው፣ ግን ሥራው የሩብ ሰዓት ነው።

ባህር ዛፍስ? ይሆናል። ቀጭኑ ጫፉ 12 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ቀጥ ያለ ግንድ በቁመቱ ሲጫኑት ብዙ ይችላል። የሚከዳው እንጨቱ ሳይሆን ማሰሪያው ነው፤ በሲባጎ ወይም በቀጭን ሽቦ አይታሰርም። ራሶቹ በሰንሰለት ይጠምጠሙ፣ ሰንሰለቱ እንዳይንሸራተት በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ማገጃ ጉጥ ይኑር።

የቤት ጣሪያ፣ የጋራዥ ቱቦላሬ፣ የበረንዳ ቆርቆሮ የተሸከመ ሞራሌ ላይ ቼን ብሎክ አይሰቀልም። እነዚህ የተሠሩት ለቆርቆሮና ለዝናብ ነው።

እግሮቹ በክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋሉ። 400 ኪሎ ሲሰቀል እያንዳንዱ እግር ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ለመንሸራተት ይሞክራል፤ ሴራሚክ ወይም እርጥብ ሊሾ ላይ ከሆነ ይሳካለታል። አፈር ከሆነ ለእያንዳንዱ እግር 15 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ይቆፈር፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ። ሲሚንቶ ከሆነ ሦስቱ እግሮች ከታች ዙሪያውን በሰንሰለት ይታሰሩ። አንዱ የሰንሰለት ክፍል መኪናው በሚወጣበት መንገድ ላይ ይጋደማል፤ ጎማው ከረገጠው እግሮቹን ይስባል። ስለዚህ ጎማ በሚያልፍባቸው ሁለት ቦታዎች ሰንሰለቱን በሁለት ሞራሌ መሃል ያስተኙት፣ ጎማው በሞራሌዎቹ ላይ ይሻገር።

ማንጠልጠያውን ከማቆም በፊት ወደ ላይ ይመልከቱ። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ሽቦ በብዙ ግቢ ውስጥ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ 4 ሜትር ብረት ሲቆምና ሲዘነበል ሽቦውን ያገኘዋል። ሽቦ በላይዎ ካለ ቦታ ይቀይሩ። በክረምት ከሆነ ደግሞ ሥራው ጠዋት ይለቅ፤ ከሰዓት ዝናብ ከጣለ የእግሮቹ ጉድጓድ ጭቃ ይሆናል።

ሱቁ በር ላይ

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የፊተኛውን ፑሌጃ ብሎን በቁልፍ ይዘው ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩት። ናፍጣ ሞተር በኮምፕሬሽኑ ያስቸግራል፣ ግን ይዞራል፤ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ከቆመ አይግዙት። ዘይቱና ውኃው እዚያው ይፍሰስ፤ ዘይት ያንጠባጠበ ካሶኒ ያንሸራትታል። ከአራቱም አቅጣጫ፣ ኮፓውን ጨምሮ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ቤት ሲደርስ የተሰነጠቀ ነገር ከተገኘ መቼ እንደተሰነጠቀ የሚናገረው ፎቶው ነው።

የተከፈቱ ቀዳዳዎች ሁሉ በሰፊ ፕላስተር ይታሸጉ። ጨርቅ አይወትፉ፤ የተረሳ ጨርቅ ማኒፎልድ (የአየርና የጭስ መተላለፊያው) ውስጥ ገብቶ የሚገኘው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው።

ሞተሩ ቆሞ ይጫን፣ አይጋደም። የተጋደመ ሞተር ውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ይሰርጋል። ዘይት አይታመቅም፤ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሲነሳ ፒስተኑ የሚሄድበት ያጣል፣ ቢዬላ (የፒስተኑ ክንድ) ይታጠፋል።

የሚቀመጥበትን አስቀድመው ይሥሩ፦ 10 በ10 የሆኑ፣ 80 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት አጣናዎች፣ በሁለት ሞራሌ የተያያዙ። ሞተሩ የሚያርፈው በብሎኩ ጎን ወይም በሞተር መቀመጫ ብረቶቹ ላይ ነው፤ ኮፓው በሁለቱ አጣናዎች መሃል አየር ላይ ይንጠለጠላል። ኮፓው ጥልቅ ከሆነ አጣናዎቹን በሌላ እንጨት ያስደግፉ፤ ከዚያ ግን 15 ያልነው ልኬት ስለሚያድግ ሂሳቡን እንደገና ይደምሩ። አጣና ካልተገኘ 7.50-16 የሆነ አሮጌ የአይሱዙ ጎማ ይሠራል፤ ኮፓው በመሃሉ ቀዳዳ ይገባል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ እጅዎን ከኮፓው ሥር ያስገቡ። እጅ ካላለፈ ሞተሩ በኮፓው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህን ያህል ስለ ኮፓ መጨነቅ ለምን? ዘይት መሳቢያው አፉን ወደ ታች አድርጎ ከኮፓው ወለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ኮፓው ወደ ውስጥ ከተጎደጎደ የመሳቢያው አፍ ይደፈናል። ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ያማረ ነው። ሞቆ ዘይቱ ሲቀጥን የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፤ ሰው «ሴንሰሩ ነው» ይላል። ከዚያ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ቀጭን ብረት) ይበላል። መንስኤው ከካሶኒ ሲወርድ የተገኘች አንዲት ጉድጓድ ናት፤ ሻጩ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ካሶኒው ላይ የሞተሩ መሃል ከኋላው ጠርዝ 60 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይሁን። ከጋቢናው ሥር ካስገቡት ቤት ሲደርስ ማንጠልጠያው አያገኘውም፤ ስፖንዳው (የካሶኒው የኋላ መዝጊያ) ላይ ካስጠጉት ደግሞ ሲከፈት ክብደቱ በስፖንዳው ማንጠልጠያ ላይ ያርፋል። በአራት አቅጣጫ ወደ ካሶኒው ቀለበቶች በመወጠሪያ ቀበቶ ይታሰር። ናይለን ገመድ ይለጠጣል፤ በየስፒድ ብሬከሩ ይላላል። ከተነሱ ከ10 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ቆሞ እስሩን ማየት ይበቃል።

ሰንሰለቱን ማያያዝ

አዲስ ሞተር ከፊትና ከኋላ በሰያፍ የተቀመጡ ሁለት ማንሻ ጆሮዎች አሉት። አሮጌ ሞተር ላይ አንዱ ወይም ሁለቱም ጠፍተው ይገኛሉ። ምትኩ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ያለ የብሎን ቀዳዳ ነው፦ 8.8 ወይም 10.9 የተቀረጸበት ባለ 10 ሚሊ ብሎን፣ ወደ ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሊ የገባ፤ ቴስታታው አልሙኒየም ከሆነ 20። የሰንሰለቱ ቀለበት ወፍራም ሮንዴላ ተደርጎበት ገላው ላይ ተጣብቆ ይታሰር። ብሎኑ ወደ ውጭ 3 ሴንቲሜትር ቀርቶ ሰንሰለቱ ጫፉ ላይ ከተንጠለጠለ ብሎኑ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይቆረጣል።

ከማኒፎልድ፣ ከናፍጣ ፖምፓ፣ ከዲናሞ መያዣ፣ ከተርቦ አያንጠልጥሉ።

ሰንሰለቱ 8 ሚሊ የማንሻ ሰንሰለት ይሁን፤ የበርና የውሻ ሰንሰለት ቀለበቱ ያልተበየደ ስለሆነ ይከፈታል። ርዝመቱንም ይጠንቀቁ። 300 ኪሎ ሞተር በሁለት እግር ሰንሰለት ሲሰቀልና በእግሮቹ መሃል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ እግር 173 ኪሎ ይሸከማል። ሰንሰለቱ አጥሮ ማዕዘኑ 120 ሲደርስ እያንዳንዱ ሙሉውን 300 ይሸከማል፤ ብሎኖቹንም ወደ ጎን ይስባል። ሰፊ የፖሊስተር ቀበቶ ከሆነ ያለዎት፣ የብረት ጠርዝ በሚነካው ቦታ ሁሉ አሮጌ የጎማ ላስቲክ ይደረግበት።

ማውረዱ

አራት ሰው ይበቃል፦ ሾፌሩ፣ ቼን ብሎኩን የሚስብ አንድ፣ ሞተሩን በገመድ የሚመሩ ሁለት። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፤ «ቁም» ማለት ግን ሁሉም ይችላል። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ልጆች መኪናው ሲገባ ማየታቸው አይቀርም፤ ከእነሱ ጋር የሚደረገው ንግግር ሞተሩ ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት ይለቅ። ሞተሩ ካሶኒው ላይ፣ የሾፌሩ ሰዓት እየቆጠረ የሚደረግ ድርድር የሚያልቀው በእነሱ ዋጋ ነው። መሥራት ከፈለጉ ገመዱን ይያዙ፤ በእጅ እናንሳው የሚለውን ግን አይቀበሉ።

1. ስፖንዳው ይከፈት። ፒክአፑ በኋላው ቀስ እያለ ይግባ፣ የሞተሩ መሃል ከማንጠልጠያው ራስ ቀጥታ ሥር እስኪሆን። በዓይን ግምት ሳይሆን በቱንቢ ይታይ፤ ከመንጠቆው ክር ጥሎ ማየት ነው። 20 ሴንቲሜትር ያዘነበለ ከሆነ ሞተሩ እንደተነሳ ይወነጨፋል።

2. የመኪናው ሞተር ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የፊት ጎማ ይታገድ። የማሰሪያ ቀበቶዎቹ ገና አይፈቱ።

3. መንጠቆው ይያያዝ፣ የመንጠቆው ምላስ መዘጋቱ ይታይ። ሰንሰለቱ እስኪወጠር ብቻ ይሳብ። ከዚያ ቀበቶዎቹ ይፈቱ።

4. 5 ሴንቲሜትር ያንሱና ይቁሙ። 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ሦስቱን እግሮች፣ ብሎኖቹን፣ ሰንሰለቱን ይዩ። ሞተሩ በራሱ ወደ ታች ከተንሸራተተ የቼን ብሎኩ ፍሬን አልቋል፤ መልሰው ያስቀምጡና ሌላ ይከራዩ። የፒክአፑ ባሌስትራ (የጎማው የብረት ስፕሪንግ) ክብደት ሲቀንስለት ካሶኒው ከሞተሩ ጋር ትንሽ ይነሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ የተላቀቀ ሳይመስል ሊቆይ ይችላል፣ አይደንግጡ።

5. ሞተሩ ከእንጨቱ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል ሁለቱ ሰዎች ገመዱን ከግራና ከቀኝ ይያዙ። ካሶኒው ላይ ማንም አይቅር።

6. ሾፌሩ አስነስቶ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ፣ ፍሪሲዮኑን እየለቀቀ ብቻ ወደ ፊት 3 ሜትር ይውጣ። ስፖንዳው ሞተሩን እንዳይነካ አንድ ሰው ከጎን ይመልከት።

7. የተሠራው አጣና ከካሶኒው ይውረድና ሞተሩ ሥር ይገፋ፤ በእጅ ሳይሆን በረጅም እንጨት። ከዚያ ሞተሩ ይውረድ። የመጨረሻዋ 10 ሴንቲሜትር ላይ ቆም ብሎ አጣናው መሃል መሆኑን ማየት ነው። ሰንሰለቱ የሚፈታው ሞተሩ ሳይነቀነቅ መቀመጡ ከታየ በኋላ ነው።

ማንጠልጠያ ጨርሶ ካልተገኘ የሚቀረው በጣውላ ማንሸራተት ነው። 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው፣ 4 ሜትር የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ካሶኒው ላይ ታስረው፣ ሞተሩ ከነአጣናው በላያቸው ይንሸራተታል። ከሞተሩ ጋር የታሰረው ገመድ በመኪናው ሻንሲ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠምጠም፤ ጥምጥሙ ራሱ ፍሬን ስለሚሆን አንድ ሰው ይቆጣጠረዋል። ከሞተሩ በታች፣ በጣውላዎቹ አቅጣጫ፣ ማንም አይቆምም። ከ250 ኪሎ በላይ ለሆነ ሞተር ይህን አንመክርም።

ከወረደ በኋላ

ወደ ጥላው ለማስገባት 60 ሴንቲሜትር የሆኑ አራት የቧንቧ ቁራጮች ከአጣናው ሥር ያስገቡና ይግፉ፤ የኋላውን እያነሱ ወደ ፊት ማዞር ነው። ኮብልስቶን ከሆነ ቧንቧው አይሽከረከርም፤ ጣውላ ወይም ወፍራም ላሜራ ያንጥፉበት።

ሳይገጠም የሚቆይ ከሆነ በየሲሊንደሩ ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት ይግባ፣ በየሁለት ሳምንቱ በእጅ ይዙር። በፕላስቲክ አይጠቅልሉት፤ ሌሊት ላብ ይይዛል። ሸራ ይበቃል። ሊገጠም ሲል፣ ካንዴሌቱ (ሻማው) ወይም ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው) ወጥቶ መጀመሪያ በእጅ ይዞራል፤ ዘይት ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ በቀዳዳው ይወጣል።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስላለ ለቁጥር ለውጡ የሽያጭ ደረሰኙና የዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ቅጂ ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም ከሻጩ የሚወሰዱት በግዢው ቀን ነው። በብሎኩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ ቅባት ከሸፈነው በናፍጣ ይታጠብ። አሮጌውን ሞተር ደግሞ ቆራሌው ሲመጣ አሳልፈው አይስጡት፤ መቀመጫ ብረቶቹ፣ የዲናሞ መያዣው፣ ቮላኖውና ሞተሪኖው ከአዲሱ ጋር ተለክተው፣ ሊብሬውም ተቀይሮ እስኪያልቅ ግቢ ጥግ ይቀመጥ።